ዘንዶውን ሳይሆን መታወቂያህን ደብቅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ደሴ ሙጋድ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት በቴሌግራም «የቤት ዘንዶ» የሚሸጥ ሰው አገኘ። ሻጩ ኮምቦልቻ ነኝ ይላል። ዘንዶው ከባቲ ቆላ የተያዘ፣ መርዝ የሌለው፣ ሰው የለመደ ነው ብሎታል። ዋጋው 25,000 ብር። ግማሹ ቀብድ ቀድሞ በቴሌብር ይላክ፣ የመታወቂያ ፎቶና የቤት ሎኬሽንም ይላክ፣ ከዚያ ዘንዶው በሚኒባስ ተጭኖ ደሴ ይደርሳል። ጠያቂያችን የመታወቂያውን ፎቶ ልኳል። ብሩን ግን ገና አልላከም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ «ብሬ ሳይበላ እንዴት ልግዛ? አከራዬና ጎረቤቶቼ ሳያውቁስ እንዴት ላኑረው?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ብሩ ከእጅህ ሳይወጣ ነው የጠየቅከው፤ ገና አልረፈደም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የዘወትር ሥራዬ ላምና በግ፣ ዶሮና ውሻ ነው። እባብ በጀሪካን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው «ይሄ መርዝ አለው?» እያሉ የመጡ ሰዎች ግን አጋጥመውኛል። ስለዚህ የምነግርህ ከሩቅ የሰማሁትን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርህ። ይህን ግዢ አታድርገው። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ዘንዶም ባይሆን ውሻ ወይ ጥንቸል በዚሁ መንገድ ልትገዛ ወይም ልትሸጥ ትችላለህ።

ሻጩ የላከልህንና ለእኔ ያስተላለፍክልኝን የእባቡን ፎቶ አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው እባብ ቦል ፓይተን የሚባለው ነው። አጠር ብሎ ወፈር ያለ፣ ጥቁር ቡናማ ገላው ላይ ፈዛዛ ክብ ክብ ምልክት ያለው፣ ሲፈራ ራሱን መሃል አድርጎ እንደ ኳስ የሚጠቀለል ነው። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ቦል ፓይተን የሚኖረው ከሴኔጋል ጀምሮ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አድርጎ እስከ ኡጋንዳ ባለው አገር ነው። ባቲ ቆላ ወርደህ ብትፈልገው አታገኘውም። እኛ ዘንዶ የምንለው ሌላ ነው፤ በአፍሪካ በትልቅነቱ የሚታወቀው ሮክ ፓይተን። እሱ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቀስት ጫፍ ያለ ጥቁር ቅርጽ አለው፣ ገላው ላይ ያሉት ቡናማ ምልክቶች ደግሞ ቅርጻቸው የተዘበራረቀ ነው። እንግዲህ ታሪኩ ስለ አንድ እባብ ያወራል፣ ፎቶው ሌላ እባብ ያሳያል።

ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳም እይ። ሶኬት አለ። ቀዳዳዎቹ ቀጫጭንና ጠፍጣፋ ናቸው። አንተ ቤት ያለውን ሶኬት ተመልከተው፤ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ያ ፎቶ ኮምቦልቻ ውስጥ አልተነሳም ብል ብዙም አልሳሳትም። ጉግል ሌንስ ውስጥ አስገብተህ ፈልገው፤ ተመሳሳዩ የውጭ ሰው ገጽ ላይ ሊወጣልህ ይችላል። ባይወጣም እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ሻጭን ለመፈተን የሚሻለው ቪዲዮ ነው። የዛሬን ቀንና አንተ የመረጥከውን አንድ ቃል በወረቀት ጽፎ ከእንስሳው ሳጥን አጠገብ አድርጎ ይቅረጽ። እንስሳው ካለው ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ስልኬ ካሜራው ተበላሽቷል» ካለህ ወይም ከተቆጣህ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። እባብ ሲሆን ግን «በእጅህ ያዘውና አሳየኝ» አትበል፤ የማያውቀውን እባብ አንስቶ ቢነደፍ ምን ይጠቅምሃል?

ምንም እባብ የለም፣ ቀብድ ለመብላት ነው እንበል። እሱ ቀላሉ ነው፤ ብር አትልክም፣ አለቀ። እኔን የሚያስፈራኝ እውነት እባብ ካለ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው «የዘንዶ ጫጩት» ገዝቶ ለምርመራ አመጣልኝ። ዕቃው ግልጽ ፕላስቲክ ስለነበር ሳልከፍት አየሁት። ገላው ሻካራ፣ አጭርና ወፍራም፣ ጅራቱ እጥር ያለ፣ ጀርባው ላይ ከአንገቱ ጀምሮ የቪ ቅርጽ ያላቸው መስመሮች ተደርድረዋል። እፉኝት ነበር፣ ፐፍ አደር የሚባለው። መርዙ ሥጋ የሚያበሰብስ፣ እጅ እስከማስቆረጥ የሚያደርስ ነው። ሰውየው ያንን ዕቃ መኪና ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የመጣው። እስካሁን ሳስበው ይከብደኛል። የሸጠለት ሰው ዋሽቶት ይሁን ሳያውቅ ይሁን አላውቅም፣ ሁለቱም ግን ያው ነው። እፉኝትና ዘንዶ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ዥንጉርጉር ናቸው፤ ትንንሽ ሲሆኑ ያልለመደ ዓይን ይሳሳታል። «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው» የሚባለውን ደግሞ አትመነው። ዘንዶም ጭንቅላቱ እንደዚያ ነው። ኮብራና ጥቁር ማምባ ግን ጠበብ ያለ ጭንቅላት ይዘው ገዳይ ናቸው።

«ጥርሱ ተነቅሏል» የሚሉም አሉ። ይህን የሚል ሰው ካጋጠመህ ተነስተህ ሂድ። መርዛም እባብ ከመርዝ ጥርሱ ጀርባ ተተኪ ጥርሶች አሉት፤ አንዱ ሲወልቅ ሌላው ቦታውን ይይዛል፣ ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ የተነቀለው በሌላ ጊዜ ተተክቶ ታገኘዋለህ። እንስሳውም በጉጠት ሲነቀል አፉ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፣ መብላት ያቅተውና በስቃይ ይሞታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እንደ ድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ይሞታል። የመርዝ ማርከሻው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ምናልባት አንተ ወይ የምታውቀው ሰው ቢነደፍ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨትና በጨርቅ ደግፈው፣ ቀለበትና ሰዓት ካለ ቶሎ አውልቀው፣ በጣም አትሩጥ፣ በመኪና ሆስፒታል ድረስ። በገመድ ጠፍሮ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ እነዚህ ሁሉ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። እባቡን ለመግደል አታባርር፤ ከሩቅ ፎቶ ካገኘህ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል፣ ካላገኘህ ተወው።

ወደ ሕጉ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። የዱር እንስሳ ከጫካ ይዞ ያለ ፈቃድ መነገድ ወንጀል ነው፣ የገንዘብም የእስርም ቅጣት አለው። ዘንዶዎች በሙሉ ደግሞ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 ገብታበታለች። ስለዚህ ሻጩ እውነት ከባቲ ይዞት ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ከውጭ አምጥቶት ከሆነም ወረቀት ያስፈልገዋል። «ፈቃድህን አሳየኝ» ስትለው ምን እንደመለሰልህ ጽፈህልኛል፦ «ይህ አገር ውስጥ ማን ይጠይቃል?» ለእኔ ይህ መልስ ብቻ በቂ ነው። ሳትፈልግ የወንጀል ተካፋይ ትሆናለህ። ከዚያ ቀብድህን ቢበላህ እንኳ ፖሊስ ጋ ሄደህ ለመክሰስ ትፈራለህ፤ አጭበርባሪም የሚፈልገው ይህንኑ ፍርሃትህን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። አንተ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገሃቸዋል። ለማታውቀው ሰው ስምህን፣ ስልክህን፣ ቤትህን አለመስጠት መብትህ ነው፣ ተገቢም ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አብረውህ ከሚያድሩ ሰዎች ዘንዶ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አንተ ግን ያደረግኸው የተገላቢጦሹን ነው፤ መታወቂያህን ለማታውቀው ሰው ልከህ፣ ዘንዶውን ከአከራይህ ልትደብቅ ነው።

የአከራይህ ልጆች አራት ዓመትና ሰባት ዓመት ናቸው ብለሃል። በር በበር የሆነ ግቢ፣ ሽንት ቤት የጋራ፣ የውሃ ቧንቧ የጋራ። እባብ ከሳጥን የማምለጥ ችሎታው ሰውን ይገርማል፤ ጭንቅላቱ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ቀሪው ገላ ያልፋል። አንድ ሌሊት ወጥቶ ኩሽና ውስጥ ቢገኝ ሰው ደንግጦ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስበው፤ ዱላ ያነሳል፣ የፈላ ውሃ ይደፋል፣ ሕፃን ይወድቃል። የሮክ ፓይተን ጫጩት ሲፈለፈል ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው፣ እውነት ነው ያምራል። ሲያድግ ግን 3 እና 4 ሜትር የተለመደ ነው፣ 5 ሜትር የሚደርስም አለ። መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ጠምጥሞ በመጭመቅ ነው። ያንን በኪራይ ክፍል ውስጥ ለስንት ዓመት ትደብቀዋለህ?

ሳልሞኔላም አለ። ጤነኛ የሚመስል እባብ፣ ኤሊም ሆነ እንሽላሊት፣ አንጀቱ ውስጥ ይህን ባክቴሪያ ይዞ ሊኖር ይችላል። እሱን አያመውም፣ ሰውን ግን ክፉኛ ያስቀምጣል፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አዛውንቶችን። ሳጥኑን በጋራው ቧንቧ ስታጥብ፣ እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ልጁን ስታቅፍ፣ ልጁ ይታመማል። እናቱም ምን እንደነካው ስለማታውቅ ለሐኪም የምትነግረው የላትም። መደበቅህ የሚጎዳው እነሱን ነው።

እንስሳውንም እዘንለት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደውን የሌሊት ብርድ አንተው ታውቀዋለህ። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ዘንዶ ምግቡን ለመፍጨት 30 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ጥግ ይፈልጋል፣ ሌት ተቀን። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይጠፋል። ከዚያ የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይበሰብሳል፣ ወይ ይተፋዋል፣ ሳንባው ይታመማል፣ አፉን ከፍቶ እያቃሰተ ይተነፍሳል። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፣ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል፤ ግን እሷም ቆላ አይደለችም። ምግቡስ? ከሰፈር የተያዘ አይጥ መርዝ የበላ ሊሆን ይችላል፣ መርዙም ወደ እባቡ ያልፋል። እኔ ቆላ ሜዳ ላይ አይጥ እያደነ ሲኖር ነው የምወደው። የገበሬውን እህል ከአይጥ የሚጠብቀው አንዱ እሱ ነው።

ስለ መታወቂያህ ደግሞ ላውራ። ይህ ክፍል ለማንኛውም ግዢና ሽያጭ ይሆንሃል።

የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቅ ሻጭ ብዙ ጊዜ አንተን ለማጣራት አይደለም የሚፈልገው። ነገ ሌላ ገዢ ሲጠራጠር «ይኸው እኔ ነኝ፣ እመነኝ» ብሎ ያንተን መታወቂያ ይልክለታል። ያ ሰው ብሩ ሲበላ በእጁ ያለው ስም ያንተ ነው። ስለዚህ የላክህበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን ንግግር አታጥፋው፤ ስክሪንሾት አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጠው። አጥፍቶ ሊሄድ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ መረጃህ የሚጠበቅ መብትህ ነው፤ ነገር ግን አንዴ የተላከ ፎቶ በአዋጅ ተመልሶ አይመጣም። ከዛሬ በኋላ መታወቂያ የግድ ከሆነ በአካል አሳይ፣ ፎቶ አታስነሳ። መላክ ግድ ከሆነብህ የፋይዳ ቁጥርህን ሸፍነህ፣ ፎቶው ላይ በትልቁ ለማንና ለምን እንደላክኸው ከነቀኑ ጽፈህበት ይሁን። እንዲህ የተጻፈበት ፎቶ ለሌላ ማታለያ አይመችም።

ቴሌግራምህን አሁኑኑ ክፈት። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚል አለ፣ እዚያ ፎን ነምበር የሚለውን «ኖባዲ» አድርገው። በቁጥርህ ማን ሊያገኝህ እንደሚችል የሚጠይቀውንም «ማይ ኮንታክትስ» አድርገው። ቁጥሩን «ኤቭሪባዲ» ላይ የተወ ሰው የዕቃ ግሩፕ ላይ አንድ ቃል ሲጽፍ ቁጥሩ ለማያውቀው ሁሉ ሊታይ ይችላል። ቁጥርህ ቴሌብር ያለበት ከሆነ ደግሞ ብር ሊልክ እንደሚፈልግ ሆኖ ቁጥሩን የሚያስገባ ሰው ስምህን ሊያይ ይችላል። ለግዢና ለሽያጭ ሌላ ሲም ቢኖርህ ይመረጣል። ፎቶ ስትልክ እንደ ፋይል አትላክ፤ እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ውሻ የምትሸጥ ከሆነ ውሻውን ከበርህ፣ ከመንገዱ፣ ከመኪናህ ታርጋ ፊት አታንሳው፤ ባዶ ግድግዳ ይበቃል። ላይቭ ሎኬሽንማ ፈጽሞ።

ስለ ብር ደግሞ፦ እንስሳ ሳይታይ ቀብድ የለም። በቃ። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ በአንድ ሰዓት ካልላክህ ይሄዳል» ካለህ ይሂድ። ስትከፍል ቴሌብሩ የሚያሳይህን ስም ሻጩ ከነገረህ ስም ጋር አስተያየው፤ «የእህቴ አካውንት ነው»፣ «የደላላው ነው» ከተባለ አትላክ። አንተ ሻጭ ስትሆን ደግሞ የገዢን ስክሪንሾት አትመን፤ ስክሪንሾት በስልክ ይሠራል። የመጣልህን መልእክትም ብቻ አትመን። የራስህን ሂሳብ ከፍተህ ብሩ ገብቶ እስክታይ እንስሳውን አታስረክብ። «በስህተት ላክሁልህ፣ መልስልኝ» የሚል ከመጣም መጀመሪያ ሂሳብህን እይ። ማረጋገጫ ኮድና የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለማንም አይነገርም።

ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸል ስትገዛ የምትገናኙበት ቦታ ያንተም የእሱም ቤት አይሁን። በቀን፣ ሰው ባለበት፣ ደሴ ከሆንክ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ጓደኛህን ይዘህ። ከሁሉ የተሻለው የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ መገናኘት ነው፤ እንስሳውም እዚያው ይታያል፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀቱም ይመረመራል፣ ሰውየው የሚደብቀው ነገር ካለ ክሊኒክ ሲባል ይቀራል። ከሐረጎ ማዶ፣ ኮምቦልቻ ሆኖ «በሚኒባስ እልክልሃለሁ» የሚልህን አትቀበል። እባብ በከረጢት አድርጎ ወንበር ሥር የሚያስቀምጥ ሰው አሥራ ምናምን ተሳፋሪ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አደጋ ውስጥ እየጣለ ነው፤ ሹፌሩ ደንግጦ መሪ ቢለቅስ?

ዛሬ ማታ የምታደርገው እንግዲህ ይህ ነው። ሁሉንም ንግግር፣ የላከልህን ፎቶ፣ ስሙንና የቴሌብር ቁጥሩን ስክሪንሾት አድርግ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብለህ አጭር መልስ ስጠው፤ አትሳደብ፣ አታስፈራራ፣ እከስሃለሁ አትበል። ከዚያ አግደው። ነገ ጠዋት ያንን ይዘህ የመታወቂያህ ፎቶ የማታውቀው ሰው እጅ መግባቱን ለፖሊስ አስመዝግብ፤ ብር ስላልከፈልክና እንስሳ ስላልተረከብክ የምትፈራው ነገር የለም። እግረ መንገድህን የከተማውን ግብርና ጽሕፈት ቤት የዱር እንስሳ ጉዳይ ማን እንደሚመለከተው ጠይቅና ለእነሱም አሳውቅ። ሰውየውን «ላጋልጠው» ብለህ ኮምቦልቻ ብቻህን አትሂድ። መታወቂያው ላይ ያለው ያሁኑ አድራሻህ ከሆነ ደግሞ ለአከራይህ ንገራቸው፤ «የማላውቀው ሰው ስሜን ጠርቶ ቢመጣ በር አትክፈቱለት፣ ደውሉልኝ» በላቸው። ይቆጡህ ይሆናል። ቢሆንም ንገራቸው።